የጋሽ በቀለ ጥርስ ሦስተኛው ቦይ

እኛ ሰዎች ሕመማችንን የምንናገረው ካለፈ በኋላ ነው። «ባለፈው እኮ ሞቼ ነበር» እንላለን እየሳቅን፤ ሞተን በነበረበት ቀን ግን የጠየቀንን ሁሉ «ይመስገን» ብለን ሸኝተነዋል። ይህች ቃል የማትዘጋው ጥያቄ የለም። ልጅ ታሞበት ሲባንን ያደረ አባት፣ አከራዩ ቤቱን ልቀቅ ያለው ተከራይ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ፀሐይ የጠበሰው መንገደኛ፣ ሁሉም ሲጠየቅ ይመስገን ነው። ፈጣሪን ማመስገን ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ የነፍስ አባቴ እንዳይቆጡኝ። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ ሐኪም ቤት ሄደን፣ ወረፋ ጠብቀን፣ ካርድ አውጥተን ገብተን ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል «ይመስገን፤ እርስዎስ ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና?» የምንል ሰዎች ነን። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የታመመው ማን እንደሆነ ቢጠፋው አይፈረድበትም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት የማያውቅ አበሻ አለ ቢሉኝ አላምንም። ችግሩ ተረቱን የምንጠቅሰው ለሌላ ሰው መሆኑ ነው። ለራሳችን ሲሆን «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን እንመርጣለን። ዝም አይነቅዝም፤ እውነት ነው። ጥርስ ግን ይነቅዛል።

ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ጥርስ ነው። ጥርሱ የእኔ አይደለም። ቢሆንም በዕድሜዬ እንደዚያ ጥርስ እንቅልፍ የነሣኝ ነገር የለም፤ ምክንያቱም ትዳሬ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነበር። እንዴት በሉኝ።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ። ምሕረት የምትባል፣ ሾላ ገበያ ውስጥ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላት፣ ኮረሪማ እየመዘነች ሰው የምትመዝን ሴት ወድጄ፣ እሷም ወድዳኝ፣ ወጉ እንዲደርስ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ አቶ ዘውዱ እንጦጦ ላይ ድንችና ገብስ የሚያመርቱ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቼን መለሱ። የመጀመሪያው መመለስ እንኳ ነውር አይደለም፤ ልጁን ሲጠየቅ ወዲያው እሺ የሚል አባት የሰለቸችው ይመስላልና። ሁለተኛ ላክሁ። አሁንም መለሱ፤ በዚህኛው ግን አንድ ነገር ጨመሩበት። «ሦስተኛ ኑ። ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል» አሉ። ምክንያታቸውን አልተናገሩም።

እኔ ምክንያቱን ጠርጥሬያለሁ። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አግብቼ ፈትቻለሁ። ትዳሩ በጠብ አልፈረሰም፤ ጠብ ቢኖርማ ሰው ገብቶ ያስታርቀን ነበር። ሁለት ሰዎች ማታ ማታ «እንዴት ዋልሽ?» «ይመስገን» «እንዴት ዋልህ?» «ይመስገን» ሲባባሉ ከርመው አንድ ቀን ሲነሡ የማይተዋወቁ ሆነው ተገኙ። ምሕረት ይህን ታውቃለች። ሽማግሌዎቼም ያውቃሉ፤ ሆኖም «ሽማግሌ ይሸፍናል እንጂ አይገልጥም» ብለው፣ ፍቺውን ሸፍነው፣ በላዩ ላይ የሌለኝን የግል ቤት ጨምረውልኝ ነበር።

ለሦስተኛው ጉዞ መሪ ሽማግሌ እንዲሆኑልኝ የለመንኳቸው ጋሽ በቀለን ነው። ጋሽ በቀለ ከላምበረት ተነሥተው የሰሜኑን መንገድ ሲመላለሱ የኖሩ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። መናኸሪያው አካባቢ ሁለት ሰው ከተጣላ ከፖሊስ በፊት እሳቸው ይጠራሉ። አንደበታቸው የተቆጣን ሰው እንደ ሕፃን ያባብላል። እሺ አሉኝ። እሺ ባሉ በሳምንቱ ጥርሳቸውን አመማቸው።

ጥርሲቱ ከላይ በኩል ከክራንቻው ቀጥላ ያለችው፣ ሐኪሞች ቅድመ መንጋጋ የሚሏት ናት። እንደ ክራንቻ አትፈራ፣ እንደ መንጋጋ አትከበር፤ መኖሯንም ካላመመች ማንም አያስታውሳትም። ጋሽ በቀለን ያከመቻቸው ዶክተር ሕይወት ናት፤ ክሊኒኳ ላምበረት መንገድ ዳር አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያደገችው ከጋሽ በቀለ አጥር ጀርባ ነው። ልጅ ሳለች ከመንገድ ሲመለሱ የደብረ ብርሃን ቆሎ በኪሳቸው ይዘውላት ይመጡ ነበር። ክሊኒኩን ከከፈተች ወዲህም ጥርሱን የነካውን ሁሉ «ወደ ልጄ ሂድ» እያሉ የሚልኩላት እሳቸው ናቸው። ወረፋ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ የእሳቸው ምልምል ነው።

ዶክተር ሕይወት ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ አስረዳችን። ይህች ጥርስ እንደ አብዛኛው ሰው ጥርስ ሁለት ስር አላት፤ በየስሩ ውስጥ ነርቭ የሚያልፍበት እንደ ክር የቀጠነ ቦይ አለ። ነርቩ ታሟል። ሁለቱን ቦዮች ጠርጋ ታጸዳለች፣ ለጊዜው ትደፍናለች፣ ሲረጋጋ ለዘለቄታው ትሞላዋለች። ጥርሱም አይነቀልም። የወንዝ ገባር ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሠርታ ስትጨርስ ግንባሯ አልቦት ነበር። «እንዴት ነው ጋሼ?» አለቻቸው።

ጋሽ በቀለ ምን እንዳሉ ልንገራችሁ?

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በደወልኩ ቁጥር ይመስገን ነው። ጥርሱስ? ይመስገን። ታዲያ ምን ያስጨንቀኛል፤ ለሦስተኛው ሽምግልና የተቀጠረው እሑድ እስኪደርስ ሱሪዬን ተኩሼ፣ ሽማግሌዎቹ የሚለብሱትን ሳይቀር አጣርቼ ተቀምጫለሁ። ሐሙስ ዕለት ምሕረት ደወለች። ድምፅዋ የነጋዴ ድምፅ አልነበረም። ጋሽ በቀለ ሱቋ መጥተው ቅርንፉድ መግዛታቸውን፣ ከዚያ በፊትም መግዛታቸውን፣ ለምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው «ለሻይ» ማለታቸውን ነገረችኝ። «ለሻይ የሚገዛ ሰው ቅርንፉዱን እዚያው ቆሞ ጉንጩ ውስጥ አይወትፍም» አለችኝ።

ይህን ሐኪሟ እንዴት አላወቀችም? ትሉኛላችሁ። ጥርስ ሐኪም ቤት ገብታችሁ የምታውቁ እንደሆነ ሽታውን አስታውሱ። ለጊዜያዊ መድፈኛ የሚደባልቁት መድኃኒት ራሱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። የሰውየው አፍ ቅርንፉድ ሲሸታት የራሷ ሥራ እየመሰላት ነው። ጋሽ በቀለ ሕመማቸውን የደበቁት እዚያው መድኃኒቱ ውስጥ ነበር።

ዓርብ ቤታቸው ሄድኩ። ጉንጫቸውን በነጠላ ጫፍ ደግፈው ተቀምጠዋል፤ የቀረበላቸው ሻይ በርዷል። ሲጠጡት ያማል፣ ሲናገሩ ያማል፣ ሲተኙ ደግሞ ይብሳል። ለዶክተሯ ለምን እንዳልነገሩ ስጠይቃቸው የልጅቱን ላብ አነሡ። ያን ያህል ደክማ ስታበቃ አልተሳካልሽም ሊሏት ነው? ውጭ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በእሳቸው ቃል የመጣ ነው፤ ቢሰማ ምን ይላል? ሽምግልናው ይለፍ እንጂ ሌላ ሰፈር ሄደው ያስነቅሉታል፣ እሷም አታውቅም። እኔ ልንገራት ስል ግን ቀና ብለው አዩኝ።

«አፍህን ብትከፍት እሑድ ሌላ ሽማግሌ ፈልግ» አሉኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ዝም ካልኩ ቅዳሜ በቀጠሯቸው ጥርሱ ለዘለቄታው ይሞላል፣ እሑድ ሰውየው ጉንጫቸው አብጦ፣ አንደበታቸው ተሳስሮ የመጨረሻው በር ላይ ይቆማሉ። ከተናገርኩ ደግሞ እሑድ ጭራሽ አይኖሩም። ያን ሌሊት ኮርኒሱን ሳይ አደርኩ።

ቅዳሜ አብሬያቸው ገባሁ። ዶክተር ሕይወት ወንበሩን አስተኛቻቸው፤ የኔን በርጩማ ከግርጌያቸው አደረገችልኝ። ነርቩ ወጥቷል ብላ ስላመነች ማደንዘዣ አልወጋችም። ጊዜያዊውን ድፍን አነሣች፣ የጸዱትን ሁለት ቦዮች በቀጭን መርፌዋ ፈተሸች፤ ሁለቱም ጸጥ ብለዋል። ከዚያ የመስተዋቷን እጀታ ገልብጣ ጥርሱን መታ መታ አደረገችው።

«እንዴት ነው ጋሼ?»

«ይመስገን።»

እሷ የምታየው አፋቸውን ነው። እኔ ግን እግራቸው ሥር ነኝ። እጀታው ጥርሱን በነካ ቁጥር የጋሽ በቀለ ቀኝ እግር ወንበሩን ጠልዞ ይረግጣል። ሊማሊሞ ላይ ጭነት ያለው መኪና ቁልቁል ሲወስዳቸው እንደሚያደርጉት፣ ባለ በሌለ ኃይላቸው ፍሬን ይይዛሉ። ፊታቸው ላይ ግን አንዲት ጡንቻ አልተንቀሳቀሰችም። ዶክተሯ መሙያውን ማዘጋጀት ጀመረች። ጋሽ በቀለ አንገታቸውን ትንሽ ቀና አድርገው በዓይናቸው አስጠነቀቁኝ። እኔ ደግሞ ምሕረትን አሰብኩ፣ የሚዘጋውን በር አሰብኩ፣ ከዚያ ደግሞ፣ እግዜር ያውቃል፣ ያንን እግር አየሁና አላስችል አለኝ።

«ዶክተር፣ የሚሸትሽ ቅርንፉድ ያንቺ ብቻ አይደለም» አልኳት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። እጇ አየር ላይ ቀረ። ወደ ጋሽ በቀለ ዞረች። እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ። እውነት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሻይ ሲጠጡ ትንሽ እንደሆነች፣ ሲተኙም ትንሽ እንደሆነች፣ ይመስገን እንደሆነ በቁርጥራጭ ተናገሩ። የተናደደች መሰለኝ። ዓይኗን ሳይ ግን ቁጣ አልነበረም፤ የተከፋች ልጅ ዓይን ነው።

«ጋሼ፣ እኔ የማየው ጥርስዎን ነው» አለች። «ሕመምዎን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ ካመሰገኑኝ ማን ይንገረኝ?»

ከዚያ ሕግ አወጣች። አፋቸው ተከፍቶ ስለሚቆይ መናገር የለም፤ ሲያማቸው ግራ እጃቸውን ያነሣሉ፣ በቃ። አፍ ይሉኝታ አለው፣ እጅ የለውም አለች። እንደገና መታ አደረገችው። እጃቸው ጭናቸው ላይ ትንሽ ነቅነቅ አለ፣ ተመለሰ። ሌላ ጊዜ መታችው። ግራ እጃቸው እያፈረ እያፈረ ተነሣ።

ራጅ እንደገና አነሣች፤ አሁን ግን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አዘንብላ። ሰቀለችውና ብዙ ቆየች። ከዚያ ጠራችኝና በጣቷ አሳየችኝ። ከጉንጭ በኩል ያለው ስር ውስጥ፣ አንድ ቦይ ባልነው ጎን፣ ፀጉር የምታክል ሌላ መስመር አለች። ፊት ለፊት ሲነሣ አንዱ ሌላውን ይጋርደዋል፤ ፎቶ ላይ አንድ ሰው ከሌላው ጀርባ ቆሞ እንደሚጠፋው ማለት ነው። ይህች ጥርስ በብዙ ሰው አፍ ሁለት ቦይ አላት፣ በአንዳንዱ አንድ፣ በጥቂቱ ደግሞ ሦስት። እንደ መልካችን ነው አለችኝ፤ የማንም ጥርስ ከማንም ጋር አንድ አይደለም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚባለው ለካ ጥርስንም ይጨምራል።

መኖሩን ማወቅ አንድ ነገር፣ አፉን ማግኘት ሌላ። ማጉያ መነጽሯን አጥልቃ መፈለግ ጀመረች። አታደነዝዘውም፤ ከደነዘዘ አይነግራትም። ካላገኘችው ወይ ትልቅ ሆስፒታል ትልካቸዋለች፣ ወይ ጥርሱ ይነቀላል፤ በሁለቱም መንገድ እሑድ ከእጄ ወጣች። ትፈልጋለች፣ ታጥባለች፣ ትፈልጋለች። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ይሰማል፤ «ሰሜን ማዘጋጃ፣ መገናኛ፣ መገናኛ!» እያሉ። እኔ እግር እጠብቃለሁ። እግሩ ዝም። እጁ ዝም። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አንገቷን አሸች፤ ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ። ተመልሳ ጎነበሰች።

ድንገት የጋሽ በቀለ ቀኝ እግር ፍሬኑን እስከ ወለል ረገጠው። ግራ እጃቸውም እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አገኘሁት» አለች ዶክተር ሕይወት። ወዲያው አደነዘዘችው፣ ጠረገችው፣ ለጊዜው ደፈነችው። ጋሽ በቀለ ከወንበሩ ሲነሡ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። እሷን ግንባሯን ሳሟት። እኔን አላዩኝም። ደረጃውን ወርደው ታክሲ ተሳፍረው ሄዱ። ጥርሱ ዳነ፤ እኔ አለቀልኝ ብዬ ወደ የካ አባዶ ተመለስኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ከቀጠሮው ቦታ ተገኙ። «ጥርስህን ነክሰህ ጠብቅ» ብለውኝ ከሌሎቹ ጋር ወደ ላይ ወጡ። እንደምታውቁት የሚያገባው ሰው እዚያ አይገባም። ታክሲዎች የሚዞሩበት ቦታ፣ ከአቀበቱ ሥር፣ አንድ ባሕር ዛፍ ተደግፌ ቆምኩ። ስለዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁን የነገረኝ መምህር ግርማ ነው። እሱ የትምህርት ቤታችን ምክትል ርእሰ መምህርና ሁለተኛው ሽማግሌያችን ሲሆን፣ ከተራራው የወረደው እኔን እየረገመ ነው።

እንደ ወጉ ቆሙ። ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ግርማ እንደ ልማዱ ጀመረ። ልጃችን ጨዋ ነው፣ የተማረ ነው፣ ቤት ንብረት አለው፣ እስከ ዛሬም እንዲህ ያለች ሲጠብቅ ነው የቆየው። እዚህ ላይ ሲደርስ የጋሽ በቀለ ግራ እጅ ተነሣ። ግርማ ቃል ሊጨምሩለት መስሎት ደስ ብሎት ዝም አለ። አቶ ዘውዱ የተነሣውን እጅ አዩት። ጋሽ በቀለ ራሳቸውም መነሣቱን ገና ያወቁ ይመስል እጃቸውን ተመልክተው ተናገሩ።

«አቶ ዘውዱ፣ ልጁ አንድ ጊዜ አግብቶ ፈቷል። የሚኖረው በኪራይ ነው። ደመወዙ የአስተማሪ ደመወዝ ነው። ልጅዎን ግን ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። የያዝነው ይሄን ነው።»

መምህር ግርማ ያን ጊዜ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር ይላል። አቶ ዘውዱ ድንች እንደሚመርጥ ሰው አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ተናገሩ፤ ቃላቸውን ግርማ በንዴት ስለያዘው አንድም አልተዛነፈም።

«መፍታቱን ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። ልጄ ሾላ ነው የምትውለው፤ ሾላ የማይታወቅ ነገር አለ? የመለስኳችሁ እሱን ጠልቼ አይደለም። ማን እንደሚነግረኝ ልይ ብዬ ነው። አሁን ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። እሺም ተባሉ። እኔ ባሕር ዛፉን አቅፌ ልስም ስል ግርማ ጣቱን ቀሰረብኝ፤ አቶ ዘውዱ ቃላቸውን የሰጡት በአንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው እሑድ ልጁ ራሱ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ብቻውን ይምጣ። ፊተኛው ትዳር ለምን እንደፈረሰ ከራሱ አፍ እሰማለሁ። ካልጣመኝ እሺታዬን አነሣለሁ።

ያ የሚቀጥለው እሑድ ነገ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ጋሽ በቀለን ለመጨረሻው መሙላት ይዣቸው ሄጄ ነበር፤ አሁን ታርቀናል፣ እንዲያውም ለሰው ሲያወሩት ዶክተሯን የጠቆሟት ራሳቸው ሆነዋል። ዶክተር ሕይወት ሦስቱንም ቦዮች ሞልታ ስታበቃ በእጀታዋ መታ መታ አደረገችና እንዴት ነው አለቻቸው። «ይመስገን» አሉ። እሷ አፋቸውን አላየችም። ግራ እጃቸውን አየች። ጭናቸው ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። እኔም እግራቸውን አየሁ፤ እግሩም ተኝቷል። ያን ጊዜ አመነቻቸው።

ጓንቷን እያወለቀች ወደ እኔ ዞረች።

«ነገ ነው አይደል እንጦጦ የምትወጣው? አንተስ እንዴት ነህ መምህር?»

«ይመስገን» አልኳት።

ጋሽ በቀለ ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው የገባኝ ቀና ብዬ ሳይ ነው፤ ግራ እጄ በገዛ ራሷ ተነሥታ ቆማለች።